ተማሪ ለሥራ ልምምድ ሲወጣ አደራው የማን ነው?

የኢትዮጵያ ትምህርት ቀስ በቀስ ከክፍል ወደ ሥራ ቦታ እየወጣ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጠው የትብብር ሥልጠና 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲካሄድ የሚለውን አቅጣጫ ይዞ ዓመታት አስቆጥሯል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት አምጥቶታል። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ሲቋቋም፣ መንግሥት ትምህርትንና ሥራን አገናኝቶ ለመምራት መቁረጡ ታየ። ጉዞው ትክክለኛ ነው። ማሽን ነክቶ የማያውቅ ተመራቂ ለራሱም ለአሠሪውም ሸክም መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ሆኖም ተማሪው ምን መማር እንዳለበት የሚዘረዝሩ ሰነዶች ሲበዙ፣ በሚማርበት ቦታ ማን እንደሚጠብቀው የሚናገሩት ጥቂት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ ልጅን ወደ ሥራ ቦታ የላከ ተቋም ኃላፊነቱን በግቢው በር ላይ ትቶ መመለስ አይችልም፤ ኃላፊነቱ ከልጁ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፣ የሚሄደውም በጽሑፍና በስም መሆን አለበት።

ጉዳዩን ከአዲስ አበባው አራዳ የተሻለ የሚያሳይ ሰፈር አይገኝም። የዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን የሚጀምረው እዚሁ አካባቢ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከተለ፤ የኋለኛው ግቢ ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚባለው የሙያ ተቋም ነው። ከእነዚህ ግቢዎች ወደ ፒያሳ በእግር የሚወርድ ተማሪ ወርቅ ቤቶችን፣ ልብስ ሰፊዎችን፣ ፎቶ ቤቶችን፣ ኬክ ቤቶችንና ሆቴሎችን ያገኛል። ሙያና ትምህርት እንዲህ ጎን ለጎን በኖሩበት ሰፈር፣ ልጅን ከባለሙያ ጋር ማዋል ፕሮግራም ከመባሉ በፊትም የተለመደ ነበር። ለማጁን የሚጠብቀው ደግሞ መመሪያ ሳይሆን ሰፈሩ ነበር። ባለሙያውና የልጁ አባት በአንድ እድር ይታወቃሉ፣ በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ፣ የልጁ እናት በሱቁ ደጃፍ በቀን ሁለት ጊዜ ታልፋለች። ልጁ አምሽቶ ቢወጣ ጎረቤት ያያል፣ ፊቱ ተለውጦ ቢመጣ ጎረቤት ይጠይቃል። ይህን ጥበቃ ማጋነን ግን አይገባም። ያው ሰፈር በደሉን የሚያየውን ያህል ይሸፍነው ነበር። ስም ያለው ሰው ልጅ ሲያጠቃ ነገሩ በሽምግልና ይዳፈናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ልጁ ወይም ልጅቱ ዝም እንዲሉ ይመከራሉ፣ የቤቱ ገመና ተጠበቀ ተብሎ ይታለፋል። የሰፈር ዓይን ልጁን የሚጠብቀው የትልቁን ሰው ክብር እስካልነካ ድረስ ብቻ ነበር።

ጎዶሎም ቢሆን የነበረው ጥበቃ አሁን በብዙ ቦታ የለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በተመረቀ ማግሥት፣ የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን አሮጌ መንደሮች አፈረሰ። ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና አራብሳ ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ግንባታው ስላስገኘውና ስላሳጣው ነገር ብዙ ተብሏል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው አንድ ውጤቱ ነው። ዛሬ ፒያሳ ውስጥ ለልምምድ የሚመደብ ተማሪ ቤቱ ከሥራ ቦታው ረጅም የታክሲ ወይም የአውቶቡስ ጉዞ የሚርቅ ሊሆን ይችላል። ወላጆቹ ባለሱቁን አያውቁትም፣ ባለሱቁም የሚያውቃቸው ጎረቤቶች ተበትነዋል። ሥራው ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢያልቅ የቀድሞው ልጅ በአሥር ደቂቃ ቤቱ ይገባል፤ የዛሬዋ ተማሪ ግን ሰልፍ ይዛ፣ ሁለት ጊዜ ተሳፍራ፣ ጨለማ ውስጥ ወርዳ በእግሯ ትገባለች። ሥልጠናው ወደ ሥራ ቦታ እየበዛ የሄደውና ሰፈሩ የተበተነው በአንድ ዘመን ነው። አንዱ አደጋውን ሲጨምር ሌላው ጥበቃውን ቀንሷል፣ በመካከል የተፈጠረውን ክፍተት የሞላ ግን የለም።

ክፍተቱን ለማየት ተማሪው ይዞት የሚዞረውን ደብዳቤ ማንበብ ይበቃል። ከላይ የተቋሙ ዓርማ፣ ቀጥሎ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አድራሻ አለ። ከዚያ የተማሪው ስም፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የልምምዱ ርዝመት ይጠቀሳል፤ መጨረሻው የተለመደው ትብብር እንዲደረግለት የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማና ክብ ማኅተም ነው። የተማሪው ዕድሜ የለም። ከተቋሙ በኩል ማን እንደሚከታተለው፣ በድርጅቱ በኩል ማን እንደሚቀበለው አልተጻፈም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሌለበት፣ ችግር ቢገጥመው ለማን እንደሚደውል አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚያፈላልገው ራሱ ተማሪው በመሆኑ፣ ተቋሙ ሠልጣኙ የት እንደገባ የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። አሁን ይህ ደብዳቤ የሚደርስበትን አንድ ቦታ እንመልከት። የወርቅ ሥራ የሚሠራበት ክፍል ከሱቁ ጀርባ የሚገኝ፣ ጠባብና ከንብረቱ ውድነት የተነሣ ብዙውን ጊዜ በሩ የሚዘጋ ነው። ውስጡ የጋዝ ነበልባል አለ፣ ወርቅ የሚጠራበት አሲድ አለ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይቀመጣል። ለሠራተኛ የሚሰጠው ወርቅ በሚዛን ተመዝኖ ይወጣል፣ ሲመለስም ተመዝኖ ይገባል፤ ብናኙ ሳይቀር ይጠረጋል። ወደዚያው ክፍል የገባችውን የ17 ዓመት ልጅ ግን እንዴት እንደገባችና እንዴት እንደወጣች የሚመዘግብ የለም። ባለሙያው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም ናቸው። ግን ወርቁ በደግነት ላይ ካልተጣለ ልጅቱም በደግነት ላይ ብቻ መጣል የለባትም።

አደጋው የሚመነጨው ከተዘጋ በር ብቻ አይደለም። ዋናው ምንጭ ተማሪው ያለበት ሁኔታ ነው። ደሞዝተኛ ስላልሆነ ሥራውን ጥሎ ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም፤ ልምምዱን ካልጨረሰ አይመረቅም። የሎግ ቡኩን (የልምምድ መዝገቡን) ገጾች የሚፈርመው፣ የምዘና ነጥብ የሚሰጠውና ማኅተም የሚያሳርፈው አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ኃላፊ ነው። እንግዲህ ይህ ኃላፊ ተማሪዋን ከሥራ ሰዓት ውጭ ቡና እንጠጣ ቢላት፣ ተማሪውን ከሙያው ውጭ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ቢያሸክመው፣ ለጠፋ ዕቃ አላግባብ ተጠያቂ ቢያደርገው፣ ቢሰድበው ወይም ቢመታው፣ ተማሪው ምን ምርጫ አለው? የመጨረሻዋ ፊርማ እስክትገኝ ዝም ማለት ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣው ተቆጣጣሪ መምህርም የሚያነጋግረው መጀመሪያ ኃላፊውን ነው፤ ተማሪውን የሚጠይቀው ኃላፊው ቆሞ እየሰማ ነው። በሆቴልና መስተንግዶ ዘርፍ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመራል። አጥቂው ኃላፊው ሳይሆን ደንበኛው ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛን ማስቀየም ደግሞ የሙያ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ቅሬታ አልቀረበም ማለት በደል አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ዝምታው ከሥርዓቱ አሠራር የሚወለድ ነው።

ሕጋችን ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዙ ልማዶች እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን በሚጎዳ ሥራ እንዳይሰማሩ፣ በትምህርት ቤቶችና በሌሎች ተቋማትም ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ይለዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓላት እንዳይሠራ ይከለክላል። መልካም ጥበቃ ነው። ነገር ግን የሥራ ልምምድ ተማሪ በዚህ ጥበቃ ሥር መግባቱ አጠራጣሪ የሚሆንባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው አንቀጽ 3 ነው፤ ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረጉ ውሎችን፣ ከሥራ መልመጃ ውል በቀር፣ ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ያደርጋል። የሥራ መልመጃ ውል ደግሞ በጽሑፍ ተደርጎ በሚመለከተው ባለሥልጣን መረጋገጥ ያለበት ነው፤ ለሚመለከተው ሁሉ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ይህን ቦታ አይተካም። ሁለተኛው አንቀጽ 89 ነው፤ ለወጣት ሠራተኞች የተከለከሉ ሥራዎችን ዝርዝር ሚኒስቴሩ እንዲያወጣ ከፈቀደ በኋላ፣ በሚመለከተው አካል በታወቁና በሚመረመሩ የሙያ ትምህርት ቤቶች ሥልጠና የሚከታተሉ ወጣቶችን ከዚህ ክልከላ ውጭ ያደርጋል።

ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ ትኩረት ይፈልጋል። ሐሳቡ ስሕተት አይደለም፤ ብየዳ የሚማር ልጅ ብየዳ ሳይነካ አይማርም። ሕጉ ግን ፈቃዱን በቅድመ ሁኔታ ነው የሰጠው፤ ቅድመ ሁኔታውም ምርመራ ነው። አደገኛውን ሥራ የሚነካው ልጅ ተቆጣጣሪ ዓይን ባለበት ሥርዓት ውስጥ ነው ተብሎ ስለታመነ ክልከላው ተነሣለት። አሁን ሥልጠናው ከተቋሙ ወርክሾፕ ወጥቶ ወደ በርካታ ትናንሽ ድርጅቶች ሲበተን፣ ምርመራው ከተቋሙ ግቢ ካልወጣ፣ ልጁ ፈቃዱን ይዞ ሄዶ ቅድመ ሁኔታውን ትቶት ሄደ ማለት ነው። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ያለው ሕግ በአንጻሩ ነቅቷል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት፣ ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ፣ የሙያ ተለማማጅ ወይም በሥሩ ያለ ጥገኛ ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል። ሕግ አውጪው በሙያ አስተማሪና በተለማማጅ መካከል ያለው ሥልጣን ለጥቃት የተመቸ መሆኑን ገና ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል አውቆታል። ቅጣት ለማክበድ የበቃው ይህ ዕውቀት ቅድመ ጥንቃቄ ለማድረግ ያልበቃበት ምክንያት የለም።

የዕድሜ ጉዳይም በራሱ ችግር ነው። እነዚህ ጥበቃዎች ሁሉ የሚቆሙት ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ወደ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የዛሬዎቹ የ16 እና የ17 ዓመት ተማሪዎች ከምዝገባው በፊት የተወለዱ ናቸው። ድርጅቱ ጢም ያበቀለውን እንደ ጎልማሳ፣ ቁመቷ የረዘመን ልጅ እንደ ወይዘሮ ቆጥሮ ሥራ ቢሰጥ የሚያርመው ወረቀት በእጁ የለም። ዕድሜውን የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ነው፤ የሚያውቀውን በደብዳቤው ላይ መጻፍ ምንም ወጪ አያስወጣም።

እንዲህ ያለው ቸልታ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወሎ ጃሪ፣ ቴር ደ ዞም የተባለው የስዊዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ወላጅ ያጡ ልጆችን በሚያሳድግበት የሕፃናት መንደር፣ የመንደሩ ኃላፊ የነበረ እንግሊዛዊ ልጆቹን በወሲብ ማጥቃቱ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈርዶበታል። ልጆቹ ለዕለት ጉርሳቸው የእሱ ጥገኞች ነበሩ። የእንግሊዝ አገር ተሞክሮም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ2002 እ.ኤ.አ. በሶሃም ከተማ ሁለት የአሥር ዓመት ሴት ልጆችን የገደለው ሰው የትምህርት ቤት ጥበቃና ጥገና ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቢቻርድ ምርመራ እንዳሳየው፣ ሰውዬው ቀደም ሲል በሌላ አካባቢ ለፖሊስ ተደጋጋሚ ክስ ቀርቦበት ነበር፤ መረጃው ግን ወደቀጠረው ትምህርት ቤት አልተሻገረም። በሁለቱም ቦታ የጎደለው ሕግ አልነበረም። ልጁን ለማን እንደምንሰጥ አስቀድሞ የመጠየቅ ልማድና የሚታወቀውን ነገር ለሚመለከተው ሰው የማድረስ አሠራር ነበር የጎደለው።

እዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ክብደት ያላቸውም ናቸው። የመጀመሪያው የድርጅቶች ነው። ተለማማጅ መቀበል ለአነስተኛ ባለሱቅ ቀድሞውንም ወጪ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ዕቃ ይበላሻል። በዚህ ላይ ቅጽና ምርመራ ከተጨመረ በሩን ይዘጋል፣ ተጎጂውም ተማሪው ይሆናል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ እንግሊዞችም አይተውታል። ከሶሃም በኋላ ያቀዱት የማጣራት ሥርዓት 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዲያካትት ታስቦ ነበር፤ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕግ አጠበቡት። የ16 እና የ17 ዓመት ተለማማጅን በሥራ ቦታ ለሚቆጣጠር ሰውም የክልከላ መዝገብ ማጣራት እንዳይጠየቅ አድርገዋል። ከዚህ የምንማረው ጥበቃን መተው አይደለም፤ ሸክሙን በትክክለኛው ጫንቃ ላይ ማድረግ ነው። ቦታውን አስቀድሞ ማየት፣ ደብዳቤውን መሙላት፣ ልጁን ብቻውን ማነጋገር የላኪው ተቋም ሥራ ነው። ባለሱቁ የሚጠየቀው አንድ ገጽ አንብቦ እንዲፈርም ብቻ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ እሱንም ይጠብቀዋል። ዕድሜዋን ያልነገሩት ልጅ በሥራ ላይ ብትቃጠል ወይም በከንቱ ክስ ቢመጣበት የሚተማመንበት ሰነድ ይኖረዋል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የባህል ነው። እኛ ሙያ የለመድነው በቁጣና በኩርኩም ነው፣ ልጅ ካልጠነከረ ባለሙያ አይወጣውም የሚሉ አሉ፤ በየጎዳናው ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ልጅ እያለ የኮሌጅ ተማሪን ማንቀባረር ምንድን ነው የሚሉም አሉ። በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሕፃናት ጉልበት ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 42.7 በመቶ የሚሆኑት በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል፤ ስለዚህ የችግሩን ስፋት መካድ አይቻልም። ግን ችግሩ መስፋቱ ትምህርት ቤት የራሱን ድርሻ እንዲተው ምክንያት አይሆንም። ሊስትሮውን ወደ ጎዳና የላከው ድህነት ነው፤ ተማሪውን ወደ ወርክሾፕ የላከው ግን ማኅተም ያለው ተቋም ነው። ላኪ ያለው ሰው ተጠያቂ አለው። ጽናትና ውርደትም አንድ አይደሉም፤ ብረት ለመቁረጥ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ለመሰደብ ግን ሥልጠና አያስፈልግም።

ሦስተኛው መቃወሚያ መተማመንን ይመለከታል። ክፉ ነገር ያላሰበን ባለሙያ በጥርጣሬ ማየት ነውር ነው፣ የሐሰት ክስም ስም ያጠፋል ይባላል። ለሁሉም የሚሠራ ወጥ ደንብ ግን ማንንም አይጠረጥርም፤ የሚያስነውረው አንዱን ነጥሎ መጠየቅ ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቦታ አብረው እንዲመደቡ፣ ከማታ በፊት እንዲለቀቁ፣ ወደ ማንም ቤት እንዳይላኩ የሚያዝ ደንብ የልጁን ደኅንነት የጠበቀውን ያህል የባለሙያውን ስም ይጠብቃል። ጠንካራው ጥያቄ የአቅም ጥያቄ ነው፤ አንድ መምህር በርካታ ተማሪዎችን በየቦታው እንዴት ይከታተላል? መልሱ ቁጥርን በአቅም መወሰን ነው። ተቋሙ ሊከታተላቸው የማይችላቸውን ተማሪዎች በአንድ ጊዜ መላክ የለበትም፤ በተራ ይላካቸው። ድርጅቱ የሚበቃ መሣሪያ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተቋም፣ ለክትትል የሚበቃ ሰው አለኝ ወይ ብሎም መጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። የአራዳ ክፍለ ከተማ የትምህርት፣ የሥራና ክህሎት እንዲሁም የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቶች ተቀምጠው በአንድ ገጽ ስምምነት ላይ መድረስ ይችላሉ። በገጹ ላይ የተማሪው ዕድሜ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የማይነካቸው ሥራዎች፣ የተከታታዩ መምህርና በድርጅቱ የተመደበው ሰው ስም ይጻፋል፤ ወላጅም ይፈርማል። ለወጣት ሠራተኛ የተቀመጠው የሰዓት ገደብ ለተለማማጅም እንደሚሠራ በግልጽ ይሰፍራል፤ ከቤቱ ርቆ ለሚመጣ ተማሪ ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ እንዳይቆይ ይደረጋል። ምዘናው ከአንድ ሰው እጅ ይወጣል፤ ቅሬታ ያቀረበ ተማሪ ነጥቡ ሳይነካ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚዛወር አስቀድሞ ይነገረዋል። በየተቋሙ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ መምህር ቅሬታ ተቀባይ ሆነው ይመደቡ፤ ከባድ ነገር ሲሰሙ ሽማግሌ ከመጥራት ይልቅ ወደ ፖሊስ፣ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉ የጥቃት ተጎጂዎችን በአንድ ማዕከል ወደሚያስተናግዱ ቦታዎችም መላክ እንዳለባቸው ይወቁ። ይኸው ደንብ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ ለሙያ ገለጻ፣ ለክበብ ሥራና ለክረምት በጎ ፈቃድ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ እንግዳ መምህር በሌለበት ከተማሪ ጋር ብቻውን መቅረት የለበትም፣ የተማሪን ስልክ መውሰድም የለበትም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው 190ኛው ስምምነት ተለማማጆችንና በጎ ፈቃደኞችን ሳይቀር በሥራ ቦታ ከሚደርስ ጥቃት እንዲጠበቁ ያካተተው፣ ደሞዝ አለመቀበል ጥበቃን እንደማያስቀር በመገንዘብ ነው።

በባህላችን ልጁን ለሌላ የሰጠ ሰው አደራ ይላል፣ አደራ የተቀበለም ይፈራል። ወላጆች ልጃቸውን አደራ ያሉት ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ወደ ፒያሳ ሱቅ የላከው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ርዕሳነ መምህራንና የኮሌጅ ዲኖች ከሚቀጥለው የልምምድ ወቅት በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን፦ ለሚመለከተው ሁሉ የሚለውን ደብዳቤ ያቁሙ። በምትኩ ቦታው የታየለት፣ የተማሪው ዕድሜ የተጻፈበት፣ የሚከታተለው መምህር ስምና ስልክ ያለበት ደብዳቤ ይስጡ። ይህን ማሟላት ያልቻለ ተቋም ልጁን አይላክ።